ጠጠረ ወይስ ላላ

ጋሽ ቀስ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ክር እያሰረ ነበር። ክሩ ቀይ የሱፍ ክር ነው፤ ሚስቱ ሹራብ ከምትሠራበት ድውር ላይ ሳያስፈቅድ የቆረጠው። ጣቶቹ ወፋፍራም፣ የጥፍሮቹ ሥር በሳሙና የማይለቅ የግራሶ ጥቁረት ያለበት ስለሆነ ክሩ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ጫፉን በምራቁ አረጠበና በኋላ ቀኝ ጎማ በኩል ባለው የሾክ ዘንግ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ቋጠረው። ቋጠሮው መጥበቅም መላላትም የለበትም ተብሏል። ሲገፉት የሚሄድ፣ ካልገፉት ባለበት የሚቆይ መሆን አለበት። ልክ እንደ ራሱ እንደ ጋሽ ቀስ ማለት ነው።

ሾክ የሚሉት ክንድ የሚያህል ቱቦ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የመኪናውን ንጥረት ውጦ የሚያስቀረው እሱ ነው። ከቱቦው የሚያብረቀርቅ ዘንግ ይወጣል፣ ይገባል። ጉድጓዱ በከፋ ቁጥር ዘንጉ ጠልቆ ይገባል፤ ሲገባም የቱቦው አፍ ክሩን እየገፋ ወደ ላይ ይወስደዋል። ዘንጉ ተመልሶ ሲወጣ ግን ክሩ በተገፋበት ይቀራል። ስለዚህ መኪናው በመንገድ ላይ የደረሰበትን ሁሉ ሰው ቢረሳው ክሩ አይረሳውም።

አራተኛውን ክር አስሮ ሲወጣ ገና እየነጋ ነበር። ጀርባውን አራገፈና ከኪሱ ደብተር አውጥቶ "ክር፣ አራት" ከሚለው አጠገብ ምልክት አደረገ።

በመዝገብ ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጤና ጣቢያውን መኪና ሲነዳ ከኋላው የሚሰማው ቃል ያው አንድ ስለሆነ፣ "ቀስ፣ ቀስ፣ ኧረ ቀስ" ሲሉት ኖረው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ስልክ ላይ የሰሙት ደግሞ ቄስ መስሏቸው "ይባርኩኝ" ይሉታል። እሱም ማስተካከል ስለሚያፍር ዝም ብሎ ይባርካቸዋል።

ከጤና ጣቢያው እስከ ላይኛው መንደር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ያልሆነው ጉድጓድ ነው። በዚያ መንገድ ከጋሽ ቀስ መኪና ሌላ የሚወጣ የለም። አንዲት ልጁ ላይኛው መንደር አስተማሪ ናት፤ ባሏም እዚያው ያስተምራል። ባለፈው ዓመት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አመማትና አባቷ ራሱ በዚሁ መኪና ጭኖ አወረዳት። ሆስፒታል ሲደርሱ የፅንሱ የልብ ምት አልተገኘም። ሐኪሙ "ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል" አለ። አማቹ "መንገዱ ነው" አለ። የጋሽ ቀስ ሚስት ምንም አላለችም። "መኪናው ነው" ያለ ሰው የለም፤ "ነጂው ነው" ያለማ ጭራሽ የለም። ማንም ስላላለው ደግሞ ማንም "አይደለም" ብሎ አላጽናናውም።

ዘንድሮ እንደገና አርግዛለች። ሰባት ወሯ ነው። ስምንት ሳይሞላት ወርዳ ሆስፒታሉ አጠገብ እንድትቀመጥ ታዟል፤ የምትወርደው የፊታችን እሑድ ነው፤ የምትወርድበት መኪና ይኸው ይኼ ነው።

ባለ ሾኩ የሚሉት ሰው የውድድርና የዱር መንገድ መኪናዎችን ሾክ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። በዓመት አንዴ ከሩቅ ይመጣና በከተማው ትልቅ ጋራዥ ሁለት ቀን ይሠራል፤ ረቡዕና ሐሙስ። ጋሽ ቀስ ወረፋ ያገኘው ለሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ባለ ጋራዡ ምን ምን ተዘጋጅቶ መምጣት እንዳለበት ቅዳሜ ዕለት በስልክ ሲያነብለት፣ እሱ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ አንድ በአንድ ጻፈ። መኪናው የሚይዘውን ጭነት ይዞ ይምጣ። የሰዎቹ ክብደት ይጻፍ። የጎማው ነፋስ ጠዋት ሳይሞቅ ይለካ። በየሾኩ ዘንግ ላይ ክር ታስሮ የዘወትሩ መንገድ እንደ ዘወትሩ ይነዳ። ከዚያ በኋላ ክሩን ማንም እንዳይነካ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሚስቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው "የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ሐሙስ መኪናውን ለባለሙያ ላሳይ ነው" አላት። እውነቱን ቢነግራት ያን ነገር ማንሳት ሊሆን ነው። ያ ነገር ደግሞ በቤታቸው አይነሳም።

ክብደቱን መጠየቅ ከሁሉ ከበደው። መጀመሪያ እሑድ አብራው ወደምትሄደው ነርስ ሄደ። ክፍሏ ውስጥ መርፌ እየቆጠረች ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ግን እንዳትቆጪኝ።"

"ምን አጠፋህ፣ ጋሽ ቀስ?"

"ክብደትሽን ነው።"

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠችና ከመነጽሯ በላይ አየችው። "አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ዛሬ ነው የታየሁህ?"

"ለመኪናው ነው፤ ለሾኩ።"

"ሰባ ስምንት ብለህ ጻፍ። ለሌላ ሰው ብታወራ ግን የሚቀጥለውን መርፌህን የምወጋህ እኔ ነኝ፤ እወቀው።"

ለልጁ የደወለው ማምሻውን ነው።

"አባባ፣ ደህና ነህ? እማማስ?"

"ደህና ናት። ስንት ኪሎ ነሽ?"

ሳቀች። "እንዴት ነሽ አይቀድምም?"

"ለሥራ ነው። የጫንኩትን ሁሉ እንድጽፍ ታዝዤ ነው።"

"ባለፈው ሳምንት ስልሳ ሰባት ነበርን" አለች።

ስልሳ ሰባት ብሎ ጻፈ። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ደብተሩን አልዘጋውም። "ነበርን" ነው ያለችው። ባለፈው ዓመት አርግዛ ሳለች እንዲህ አትልም ነበር፤ ወይም ብላ ከሆነ እሱ አልሰማም።

ማክሰኞ ከረጢቶች ሰብስቦ አሸዋ ሞላ። እህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ እያስቀመጠ፣ በጣሳ እየጨመረና እየቀነሰ፣ ነርሷን ሰባ ስምንት አደረጋት፣ አማቹን ሰባ አንድ፣ ልጁን ስልሳ ሰባት። የመጋዘን ጠባቂው "አሸዋ በጣሳ ሲመዘን ዛሬ አየሁ፤ ወርቅ ነው እንዴ?" አለው። እያንዳንዱን ከረጢት ሰውየው በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠ። የልጁን ደግሞ መሃል ወንበር ላይ አድርጎ ቀበቶ አሰረለት። ቀበቶ ይታሰር የሚል ዝርዝሩ ላይ የለም፤ እሱ ነው ያሰረው።

ረቡዕ ንጋት ላይ እንዳየነው ክሩን አሰረና ብቻውን ከሦስት ከረጢቶች ጋር ላይኛው መንደር ወጣ፤ ልጁን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ በሩቁ አየት አድርጎ ተመለሰ። እንደ ዘወትሩ ይነዳ ስለተባለ እንደ ዘወትሩ ነዳ። ማስታወሻውን ባይፈራ ኖሮ በእግር መንገደኛ ፍጥነት በሄደ ነበር። ማታ ሲገባ መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ ክሮቹ የት እንደደረሱ ማየት ይችል ነበር። አላየም። የምርመራ ውጤቱን በፖስታ ይዞ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ሰው፣ ባለሙያው ይክፈተው ብሎ ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት የመውጫ ፈቃድ ለማስፈረም መሥሪያ ቤት ሄደ። ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ያለበት ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሄዶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲደርስ መኪናው አበራበት።

ሚስቱ የድሮ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን የውሃ ጎማ እየጠቀለለች ነበር። ፀጉሯ ላይ ጭቃ አለ። መኪናው ከጣሪያው እስከ ጎማው ታጥቧል። የአሸዋ ከረጢቶቹን ንጹሕ አንሶላ አልብሳቸዋለች።

"እንዲህ ጭቃ ለብሶ ለባለሙያ ይወሰዳል?" አለች። "ሰው ምን ይላል? ቤቱ ሴት የለችም እንዴ አይሉም? በከንቱ አፈርክ፣ አባቷ፤ ማታ እጠቢልኝ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ በደንብ እደርስበት ነበር።"

ጋሽ ቀስ መሬት ላይ ተንበረከከ።

"ከሥሩም አጥቤዋለሁ" አለች ከበላዩ። "ከሥሩ ነው ባለሙያ የሚያየው ብዬ። አራት ቦታ ላይ ጭቃ የዋጠው ክር ተጠምጥሞበት አገኘሁ፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከመንገድ ይሆናል። ለቀምኩልህ። ያቺን የምታብረቀርቀውንም ነገር ዘይት ነካ አድርጌ ወለወልኳት።"

ይህች ሴት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከበር ሳይወጣ በፊት ትከሻው ላይ ያለውን ክር ስትለቅም ኖራለች። የኮቱን ክር፣ የሹራቡን ክር፣ አንዳንዴም የሌለውን ክር። አሁንም የለቀመችው በዚያው እጅ ነው። ጋሽ ቀስ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ንጹሑን ዘንግ አየው። የራሱ ፊት ጠቦና ረዝሞ ይታይበታል። ክሮቹ የሉም። የነበሩበትም ቦታ የለም።

"ምነው? የቀረ ነገር አለ?" አለች።

"የለም" አለ። "እግዜር ይስጥልኝ። አለፋሁሽ።"

ምን ይበላት? ክሩ ለምን እንደታሰረ ሊነግራት ከሆነ ከባለፈው ዓመት መጀመር አለበት። ጊዜውም ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ላይኛው መንደር ሄዶ መመለስ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ለአፍታ፣ ሌላ ክር ቆርጦ በግምት የሆነ ቦታ ላይ ቢያስረውስ የሚል ሐሳብ መጣበት። ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ነበረው፤ አውጥቶ አየው። የት ላይ ያስረው? ለባለሙያው መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ የዋሸው ክር ደግሞ እሑድ ልጁን ይዞ ይወርዳል። ክሩን መልሶ ኪሱ ከተተና መኪናውን አስነሳ።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጎማቸው ወገብ የሚደርስ የውድድር መኪናዎች ጭቃቸውን እንደለበሱ ተሰልፈዋል። ባለ ጋራዡ ወፍራም፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ የጋሽ ቀስን መኪና ሲያይ እጆቹን ዘረጋ።

"ሙሽራዋ መጣች! ጋሽ ቀስ፣ ልትድራት ነው እንዴ?"

መካኒኮቹ ሳቁ። ጋሽ ቀስም ከእነሱ ጋር ፈገግ አለ። አንዱ በሩን ከፍቶ አንሶላውን ገለጥ አደረገና "ይኸውላችሁ፣ ሚዜዎቹም ተኝተዋል" አለ።

ወረፋው ተጓተተና ተራው የደረሰው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ባለ ሾኩ ቀጭን፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ሆነ፤ በአርባ አካባቢ ይሆናል። ደብተሩን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። "እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ ሰው አላየሁም፣ ጋሼ" አለ። ክብደቱን፣ የጎማውን ነፋስ፣ ጉድጓዶቹ ያሉበትን ቦታ በጣቱ እየተከተለ ወደደው። ከዚያ ማስመሪያና ባትሪ ይዞ ከሥር ገባ። የባትሪው ብርሃን ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሄደ።

"ክሩስ፣ ጋሼ?"

"ወለቀ።"

"አራቱም?"

"አራቱም።"

ሰውየው ባትሪውን ወደ ዘንጉ አስጠጋ። "ዘንጉን ማን ወለወለው?"

ጋሽ ቀስ እግሮቹን አየ። ሚስቱን አሳልፎ ሊሰጥ አይደለም። "እኔ ነኝ" አለ።

ባለ ሾኩ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀል ነበር። "እየው" አለ፣ ሾኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የምትዞር ጉልላት እያሳየ። "ይቺ ስትዞር ጠቅ ትላለች። ስምንት ጠቅታ አላት። ወደዚህ ስትሄድ ይጠጥራል፣ ወደዚያ ስትሄድ ይላላል። በጣም ከጠጠረ ድንጋዩን ሁሉ ወደ ሰው ያሳልፋል። በጣም ከላላ ደግሞ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይመታል፤ ያ ከሁሉ ይከፋል። ክሩ ቢኖር ለክቼ እዚህ ላይ ነው እልህ ነበር። ያለ ክሩ ግን መሃል ላይ ነው የማስቀምጠው። መሃል ማለት ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላውቅም ማለት ነው።"

"ነፍሰ ጡር ብትሳፈርበትስ?" አለ ጋሽ ቀስ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

"ታካሚ ናት?"

"ታካሚ ናት" አለ።

ባለ ሾኩ ሰዓቱን አየ፤ ከኋላ የቆሙትን ሦስት መኪናዎች አየ። አብሬህ ልሂድ ሊል የፈለገ መሰለና ተወው። አራቱንም አራት አራት ጠቅታ ላይ አደረገ። "እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ኮረኮንች መንገድ አለ አሉ። ሂድበትና ተመለስ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልግብህ፤ ጠጠረ ወይ ላላ። እሷን ብቻ ይዘህልኝ ና፣ ሁለት ጠቅታ ወዲያ ወይ ወዲህ አደርግልሃለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ዕቃዬን እጭናለሁ፤ ማታ መንገድ አለብኝ።"

"ቃሉን ካላገኘሁስ?"

"ያኔ እንዳለ ይቀራል።"

የጡብ ፋብሪካው መንገድ እንደተባለው ነበር፤ የተሰበረ ጡብ የተደፋበት፣ የጭነት መኪና ያረሰው ኮረኮንች። ጋሽ ቀስ አንዴ ሄደበት። መጨረሻው ላይ ቆሞ ራሱን ጠየቀ፤ ጠጠረ? ላላ? ዞሮ ተመለሰና እንደገና ጠየቀ። ሰውነቱ አልመለሰለትም። ነጂ ጉድጓዱን ከሩቅ ያየዋል፤ ወገቡ ሳይነገረው ይዘጋጃል፣ እጁ መሪውን ይጨብጣል፣ ጥርሱ ይገጥማል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲዘጋጅ ኖሮ የቀረ ስሜት የለውም። ከኋላ የሚቀመጠው ነው የማያየው፤ የሚሰማውም እሱ ነው። መኪናውን አቆመና ኋላ ገብቶ ከልጁ ከረጢት አጠገብ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነጠረ። የቆመ መኪና ምን ይናገራል? አንድ የፋብሪካ ጥበቃ በአጥሩ በኩል ቆሞ ሲያየው አፈረና ወረደ።

አንዲት ደልደል ያለች ሴት የታሰረ የልብስ ጥቅል ይዛ በመንገዱ ዳር ስትሄድ ያያት ያን ጊዜ ነው። አጠገቧ አቆመ።

"እህቴ፣ ላድርስሽ?"

"ይባርክህ፣ ወንድሜ። እግሬ ነዶ ነበር።"

የልጁን ከረጢት ቀበቶውን ፈትቶ ከፊት ወንበር አስቀመጠና ሴትዮዋን በቦታው አስገባት። እሷም ከረጢቱን አይታ "እንደ ሰው አስረኸዋል፤ እንዳያመልጥህ ነው?" አለችው።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለ። "ስንሄድ ጠጠረ ወይስ ላላ ብለሽ ትነግሪኛለሽ።"

"ምኑ?"

"መኪናው።"

"መኪናማ ብረት አይደል፤ ጠጣር ነው እንጂ።"

"ሲነጥርሽ ማለቴ ነው። ከታች ይመታሻል ወይስ ያንሳፍፍሻል?"

"እሺ፣ እነግርሃለሁ" አለች፤ ምኑም እንዳልገባት ግን ያስታውቃል።

ነዳ። ዓይኑ አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ መስተዋቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የሴትዮዋ እጅ ከፊቷ ያለውን የወንበር ብረት ጨበጠ። ሁለተኛው ላይ ከወንበሩ ተነሥታ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ ሻሿ ወርዶ ጆሮዋ ላይ ቆመ፣ ጥቅሉም ከጭኗ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስታ አቀፈችው፤ ሻሿንም አስተካከለች።

"እንዴት ነው?" አለ ጋሽ ቀስ።

"ሶፋ ነው፣ ወንድሜ። እንዲያውም እንቅልፌ መጣ።"

"እውነቱን ንገሪኝ። አልቀየምም።"

"እውነቴን ነው እኮ። በሰላም ተቀምጫለሁ።"

"ጠጠረ ወይስ ላላ?"

ሴትዮዋ በመስተዋቱ ውስጥ እንደ ማዘን ብላ አየችው። "አንተ በነጻ ጭነኸኝ እኔ ምን አፍ አውጥቼ ልናገር? ደህና ነው፤ በጣም ደህና ነው።"

ጋሽ ቀስ መልሶ አልጠየቃትም። ባለፈው ዓመት በዚያች ወንበር ላይ፣ በዚያው መስተዋት ውስጥ፣ ልጁ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ ነበር። ባያት ቁጥር ቀና ትልና "ደህና ነኝ፣ አባባ፤ ዝም ብለህ ንዳ" ትለዋለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴም እንኳ ቀስ በል አላለችውም። ከሌላው ሰው ሁሉ የሰማትን ያቺን ቃል ከእሷ አልሰማትም። እሱም ደህና ናት ብሎ ነዳ። ደህና ነኝ ስትለው ማመኑ ቀሎት ነበር። እሑድም ያንኑ ትለዋለች። ሾኩ ቢመታት፣ ድንጋዩ ሁሉ ወገቧ ላይ ቢያልፍ፣ ደህና ነኝ ነው የምትለው፤ አባቷ ነዋ የሚነዳው።

"እዚህ ጋ ነው ቤትሽ?" አለ መንገዱ ሲያልቅ።

"ትንሽ ወደ ውስጥ ነው፤ ካላስቸገርኩህ።"

ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ። ትንሹ አላልቅ አለ። በአንድ ጠባብ መንገድ ታጠፉ፣ የውሃ ቧንቧ የሚቆፍሩ ሰዎች እስኪያሳልፏቸው ቆሙ፣ ከዚያ እንደገና ታጠፉ። አሥር ተኩል ሆኗል። ውረጂ ማለት አልቻለም፤ እግሯ እንደነደደ ነግራዋለች። በሯ ላይ ሲያወርዳት "ግባና ውሃ እንኳ ጠጣ፤ ደጄን ረግጠህ እንዲሁ ትሄዳለህ?" ብላ ከውስጥ ውሃ አመጣች። ውሃው በትልቅ ብርጭቆ ነበር። ቆማ እያየችው ስለሆነ እስከ ታች ጠጣው። ባሏም ወጥቶ ጨበጠውና ስለ መኪናው ንጽሕና አመሰገነው።

ከጠባቡ መንገድ ወጥቶ ዋናው ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። በግራ ጋራዡ ነው፤ ቢፈጥን ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በቀጥታ ወደ ቤት ነው። መንገዱ ዳር ቆመ። ስልኩ ጠራ፤ ባለ ጋራዡ ነው።

"ጋሽ ቀስ፣ የት ገባህ? ሰውዬው መፍቻውን ይዞ ቆሟል እኮ። ላንተ ሲል ነው ያልጫነው።"

"መጣሁ" አለ ጋሽ ቀስ። "ደርሻለሁ፣ ቅርብ ነኝ።"

"ፍጠን በል። አንዲት ቃል ናት።"

"እሺ። መጣሁ።"

ሞተሩን አላጠፋም፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ምን ይዞ ይሂድ? ጠጠረ ቢል ሰውዬው ሁለት ጠቅታ ያላላዋል፤ ላልቶ ቢመታትስ? ላላ ቢል ያጠጥረዋል፤ ድንጋዩን ሁሉ ቢያሳልፍባትስ? አላውቅም ብሎ ሊነግረው ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ራሱ መሃል ላይ ሲያስቀምጠው ብሎታል። መሃሉ ላይ ቢቀር ቢያንስ የባለሙያ እጅ ነው፤ ከመሃል ፈቀቅ ካለ ግን ቃሉ የእሱ ነው። ይህን ሁሉ ቆሞ ለሰውዬው ማስረዳት ይችል ይሆን? ልጄ ናት፣ አምና እንዲህ ሆናብኝ ነበር፣ እባክህ አብረኸኝ ኮረኮንቹን አንዴ ሂድልኝ ማለት? አፉ ውስጥ ሞከረው። ከ"ልጄ ናት" አላለፈም።

አንድ የጭነት መኪና ከኋላው ጡሩምባ ነፋ። መንገዱን ዘግቶ ነበር። ይቅርታ ለማለት እጁን በመስኮት አወጣና፣ ከኋላ ያለውን ሰው ላለማስቆም፣ ማርሽ አስገብቶ ተንቀሳቀሰ። ወደ ግራ የሚያስገባውን መታጠፊያ ቀስ ብሎ አለፈው። ስልኩ ፊት ወንበር ላይ ከልጁ ከረጢት ጎን እንደተቀመጠ እንደገና ጠራ፤ እስኪዘጋ ድረስ ጠራ።